ባለጉዳይ

በአርባ አንድ ዓመቴ ተማሪ ሆኛለሁ፤
ሌሊት የትራም ወንበር እየወለወልሁ
ቀን ከልጄ እኩያ ጎን እቀመጣለሁ።
የጎተንበርግ ዝናብ ከላይ አይደል፣ ከጎን፣
ጃንጥላ ገልብጦ ያነባል ደብተሬን።

"ርቀትሽን ጠብቂ" ትላለች ሶልቬግ፣
"የሰው ሐዘን እሳት ነው፤ የሚሞቁት በወግ።"
እጽፈዋለሁ፤ በቢጫ አሰምራለሁ፤
በስንዝር ነው? በክንድ? ብዬ አስባለሁ።

ለፈተና ሳጠና ቃል ፍለጋ ወጣሁ፣
መጽሐፉ ለሚለው ሰው አማርኛ አጣሁ፤
"ደንበኛ" ብለው ሱቅ፣ "ተረጂ" ብለው ስንዴ፣
"ታማሚ" ብለው አልጋ ሆነብኝ እንዴ!
ኋላ ከቀበሌ ደጅ፣ ከዚያ ረጅም ወንበር፣
እናቴ ቁጥር ይዛ ከምትጠብቅበት በር፣
መጣልኝ አንድ ቃል አቧራውን ይዞ፣
ማኅተም በጠፋበት ጠረጴዛ ተመርኩዞ፦
ባለጉዳይ።
ባለቤት፣ ባለርስት፣ ባለጠጋ እንዲሉ
ይህም ባለ ነገር ነው፤ ጉዳይ አለው ቃሉ።

ለልምምድ ላኩኝ ሂሲንገን ደሴት፣
ድሮ መርከብ ይሠራ ከነበረበት፣
አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የቆመበት።
ስሙ ቶርስተን ይባላል፤ ብረት በያጅ ነበር፤
ከኅዳር ጀምሮ አልከፈተም በር፤
ፋይሉ ባንድ መስመር አድርሶታል ዳር፦
"እርዳታ የማይሻ፤ የማይተባበር።"

አንኳኳሁ። ዝም አለ። ቅጼን ይዤ ቆምሁ፤
ወደ ደብዳቤ ማስገቢያው ሽንቁር ጎንበስ አልሁ፤
ተንበረከክሁ።
ሶልቬግ ያለችው ርቀት ለካስ
አንድ ጣት ውፍረት ነው፣ ትንፋሽ የሚያደርስ።

"ማነሽ?" አለኝ ሽንቁሩ። "እማዋይሽ" ብለው
"ኤማ" ብሎ ቆረጠኝ፤ ብረት የለመደ ነው።
"ምን ብለው ጻፉብኝ? እስኪ አንብቢልኝ" አለ፤
መብቱ ነው፤ መጽሐፌም ገጽ መቶ ሰባ ላይ አለ።
አነበብሁለት።
ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ዛገ የመልሕቅ ሰንሰለት
ከታች ወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ በስንት መጎተት።

እኔም ፋይል ነበረኝ፣ ያኔ ስገባ አገር፤
አንገቴን ደፍቼ፣ ትልቅ ሰው በማክበር፣
ዓይን ዓይኗን ሳላይ መለስሁላት ነገር፤
"ዓይን ትሸሻለች" ብላ ጻፈች፣ "የምትደብቀው ሳይኖር አይቀር።"
ያቺ ሴት ክፉ አልነበረች፤ ሻይ እንኳ ሰጥታኛለች፤
ብቻ የኔን አክብሮት በሷ ቋንቋ አነበበች።

ቅጹን በሽንቁሩ አሳለፍሁ ለቶርስተን፣
ሃያ ሁለት ሳጥን፤ ምልክት ያድርግበት የሚያስፈልገውን።
ቆየ። ደረጃው በረደኝ። እስክሪብቶ ሲፍቅ ሰማሁ።
ሳጥኖቹ ባዷቸውን ተመለሱ፤ ኅዳጉ ላይ አንድ ቃል አየሁ፦
አምፖል።

የመተላለፊያው መብራት ተቃጥሎበት፣
መሰላል የሚያወጣው ጉልበት ጠፍቶት፣
ሰው በጨለማ መቀበል አፍሮ
በሩን ከፍቶ አያውቅም ከዚያ ቀን ጀምሮ።

ሮጥሁ። ከማዕዘኑ ሱቅ አንድ አምፖል ገዝቼ
ተመለስሁ ካቦርቴን ዝናብ አጠጥቼ፤
ከፈተ።
ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ክልክል ነው ለተለማማጅ፣
ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። ወንበሩን ያዘው ባንድ እጅ፤
በሌላው፣ ሳይነካኝ፣ ብወድቅ ሊቀልበኝ፣
ርቀቱን ጠብቆ አየሩን ያዘልኝ።

ሪፖርቴ ተመለሰ፤ ኅዳጉ ቀይ በቀይ፦
"ድንበር ታልፏል። ዘዴው የቱ ነው? ይብራራ፤ ይታይ።"
ሶልቬግ ልክ ናት፤ ብወድቅስ ኖሮ?
እርማቱን እየጻፍሁ ነው፤ ትራሙ ዴፖ ውስጥ ተኝቷል፣
ባልዲዬ አጠገቤ፤ ሌሊቱ ገስግሷል።
"ዘዴ" ከሚለው ፊት ባዶ መስመር አለ።
"ስድስት ዋት" ብዬ ጻፍሁ። ሰረዝሁ። ተቀመጥሁ።

ነገ ማክሰኞ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ቀጠሮ አለኝ።
"ማነሽ?" ይለኛል እያወቀኝ፤
ባማርኛ ልመልስለት አስቤያለሁ፣ ባይገባውም፦
ባለጉዳይ ነኝ።